ወፍ ያልዘራው ዛፍ

ይድረስ ለእታለሜ ለወይዘሮ ይርገዱ፣ ድሬዳዋ።

እታለሜ፣ እንደምን ሰንብተሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ከውሃ አገር ወጥተሽ የገባሽበት ሙቀት ለመደሽ ወይስ አሁንም ያቃጥልሻል? ራስ ምታቱስ ተወሽ? «ግንባሬን አስሬ ነው የምውለው» ብለሽ ጽፈሽ እናታችን ያን ቃል ብትሰማ እሷም ግንባሯን አስራ ሰነበተች። ባለቤትሽ ወንድሜ አለምነህስ እንደምን ነው? የባቡሩ ሥራ አላደከመውም? ልጆቹ ንብረትና ማናዬ አድገው ይሆናል፤ በመልክ ማንን እንደወጡ እንኳ ሳናውቅ ማደጋቸው ይቆጨናል። እኛ ተመስገን፣ በሕይወት አለን። ልማዱ «ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን» ማለት ነበር፤ ዘንድሮ ግን እጄ ይህን ለመጻፍ እንቢ አለኝ። ናፍቆትሽ ብቻውን ቢሆን ኖሮ እሱንስ ለምደነዋል።

በጥቅምት የጻፍሽው ደብዳቤ ደርሶናል። የጭነት መኪናው ሹፌር ወረታ ገበያ ላይ ሰጠኝና ለእናታችን ደጋግሜ አነበብሁላት። መልሱን ያዘገየሁት ሰንፌ አይምሰልሽ፤ የጠየቅሽው ነገር ራሱ እስኪመልስ ስጠብቅ ነው። «ያ የላክሁት ዘር በቅሎ እንደሆነ የትኛው ነው? በሠራተኞቹ ሰፈር ሁለት ዛፎች ጎን ለጎን አሉ፤ ቅጠላቸውም ፍሬያቸውም አንድ ነው፤ አንዱ ግን ቀይ ያብባል፣ አንዱ ብጫ። ከሁለቱም ስር ለቅሜ ቀላቅዬ ስለላክሁት የትኛው እንደደረሳችሁ አላውቅም» ብለሽ ነበር። እነሆ ቀዩ ነው፣ እታለሜ። እንዲህ ያለ ቀይ ፎገራ አይቶ አያውቅም። ይህን ብቻ ጽፌ ደብዳቤውን ባሽገው እንዴት ደስ ባለኝ ነበር።

ነገሩን ከስሩ ልንገርሽ። ዘሩ በጨርቅ ተቋጥሮ የመጣ ዕለት እናታችን ያገርሽ ባቄላ መስሏት ልትቆላው ምጣድ ጥዳ ነበር። በጥርሷ ብትሞክረው ጥርሷን ሊሰብረው ሆነ። ቀጥሎ የመጣ ክረምት እንደማንኛውም እህል አፈር አለበስነው፤ አንድም አልወጣ። ጥቂቱን ዶሮ ጫረችው፣ የቀረው እንደ ጠጠር እዚያው ተኝቶ ከረመ። አንዲት ፍሬ ግን ከመደቡ ላይ ተንከባላ የምሸምነውን ድር የማጠነክርበት የጤፍ ሙቅ ውስጥ ገብታ ኖሮ፣ እናታችን በማግስቱ ድስቱን ልታጥብ ስትል አብጣና ቆዳዋ ተሰንጥቆ አገኘቻት። ያቺን ቀበረቻት፤ ያቺ በቀለች። የፈላ ውሃ እንደሚሻ ብትነግሪን ኖሮ ዛሬ ጫካ ይኖረን ነበር እያልሁ ስቀልድ ከርሜአለሁ። እንኳንም አልነገርሽን።

ከዚህ ከወጣሽ ብዙ ጊዜሽ ነውና የአገሩን ወግ ረስተሽው እንደሆነ ላስታውስሽ። አባታችን ከአንበሳሜ የሽመና ዕቃውን ተሸክሞ ሲመጣ የባላምባራስ ጥሩሰው ርስት ላይ ነው ያረፈው። እሳቸው የጎጆ ቦታ ሰጡት፤ እሱም በየዓመቱ አንድ ጋቢ ሊሠራላቸው ተስማማ። እኔም እስከ ዛሬ እሠራለሁ። ጢሰኛ ጎጆ ይቀልሳል፣ ጎመን ይተክላል፣ ዱባና ቅል በአጥሩ ላይ ይሰዳል፤ ዓመቱን ጨርሶ የሚደርቅ ነገር ሁሉ ይፈቀድለታል። ዛፍ ግን አይተክልም። ዛፍ የተከለ ሥር ሰደደ ነው የሚባለው፤ ሥር የሰደደ ደግሞ ነገ ተነስቶ «የኔ ነው» ይላል። በዚህ አገር የመሬት ሙግት ሲነሳ ሰው ጣቱን ወደ ዛፍ ቀስሮ «አያቴ የተከለው ይኸው» ሲል ዳኛው ዝም ብሎ እንደሚሰማው አንቺም ታውቂያለሽ። ወፍ የዘራው ዛፍ ግን የማንም ጥፋት አይደለም፤ የመሬቱ ጌታ ነው። ስለዚህ እናታችን ያቺን ችግኝ ወፍ ልትጥላት የምትችልበት ቦታ መርጣ፣ ከቤቱ ጓሮ ከአመድ መድፊያው ጎን፣ ከእንቧዩ መሐል ተከለቻት። የጠየቀ ሲኖር «እኔንጃ፣ ወፍ ዘርታው ይሆናል» ትላለች። የእጅ መታጠቢያዋን ውሃ ግን አንድም ቀን ሌላ ቦታ ደፍታው አታውቅም።

ዛፉ ሲያድግ ስም የማያወጣለት አላፊ አልነበረም። ከብት የሚያግዱት ቅጠሉ ደቃቅ መሆኑን አይተው ግራር ነው አሉ፤ እሾህ እንደሌለው ሲያዩ ደግሞ እየተከራከሩ ሄዱ። ከርብ ወንዝ ዓሣ የሚያወጡት ሰዎች ብርብራ ነው ብለው ፍሬ ሲይዝ ወስደው ዓሣ ሊያሰክሩበት ቀጠሮ ያዙ። ባላምባራስ ራሳቸው አንድ ቀን በቅሏቸውን አቁመው አዩትና «ሰሳ ነው፣ ከሰሳም መልካም ሰሳ» ብለው ፈረዱ። እኔ ከሽመና ጉድጓዴ ተቀምጬ መወርወሪያዬን እየወረወርሁ ይህን ሁሉ ስሰማ በሆዴ እስቃለሁ። ሰው የማያውቀውን ነገር በሚያውቀው ስም ጠርቶ ማለፉ ለእኛ መሸሸጊያ ሆኖን ነበር። በበጋ ቅጠሉን ሲያራግፍ እናታችን ሞተብኝ ብላ ልጡን በጥፍሯ ፋቅ ታደርጋለች፤ ከስሩ አረንጓዴውን ስታይ አማትባ ትመለሳለች። ሲያብብ ምን ሊመጣ እንደሚችል አንዳችንም አላሰብንም። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ማለት ለኛ ነው።

ባለፈው ግንቦት ዛፉ ባዶውን ቆሞ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ አጉረመረመና ጥቂት ጣለ። ከዚያ በኋላ በየቅርንጫፉ ጫፍ አረንጓዴ እንቡጥ ተንጠለጠለ። አንድ ጧት እናታችን «አያልነህ፣ ውጣ! ቶሎ ውጣ!» ብላ ስትጮህ እባብ የነደፋት መስሎኝ ከጉድጓዱ ዘልዬ ስወጣ ድሩን በጣጥሼው ወጣሁ። ከአመዱ ጎን ቆማ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ነበር። አንዲት አበባ ተከፍታለች። እኔ የጥለት ክር ሳማርጥ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ከጎንደር ገበያ የሚመጣውን ቀይ ሁሉ አውቀዋለሁ፤ ሁሉም ሁለተኛ እጥበት ላይ ይከዳል። ይህ ግን ከየት እንደተነከረ አላውቅም። በሳምንቱ ዛፉ በሙሉ ቅጠል ሳይኖረው ቀይ ሆነ፤ ቤቱ በእሳት ተያያዘ ብለው ከመንገድ ማዶ ውሃ ይዘው የሮጡልን ሰዎች ነበሩ።

ካንቺ ዘንድ ካለው ጋር አስተያይተሽ እንድታውቂው በደንብ ልግለጽልሽ። አበባው መዳፍ ይሞላል። አምስት ክንፍ አለው፤ አራቱ ድፍን ቀይ ናቸው፤ እንደ ማንኪያ ከስራቸው ቀጥነው ከጫፋቸው ይሰፋሉ። አምስተኛው ግን ብቻውን ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ነጭ ሆኖ ቀይ ነጠብጣብ ተረጭቶበታል፣ ጠርዙም ኩርፍርፍ ይላል። ሸማኔው አራቱን ሠርቶ አምስተኛው ላይ ሲደርስ ክር ያለቀበት ይመስላል። ከመሐሉ ረጃጅም ቀያይ ዘንጎች ይወጣሉ። ሽታ የለውም፤ ንብ ግን ከጧት እስከ ማታ ትጮህበታለች። ቅጠሉ ከአበባው ዘግይቶ መጣ፤ አንዱ ቅጠል ክንድ ያህላል፣ በግራና በቀኝ እንደ ላባ ተሰድሮ ማታ ማታ ይታጠፋል። ቅርንጫፎቹ ወደ ላይ አይወጡም፣ ወደ ጎን ይዘረጋሉ፤ ስለዚህ ጥላው ከቁመቱ ይበልጣል። ያንቺም እንዲህ ከሆነ እናትና ልጅ ናቸው ማለት ነው።

ያን ሰሞን እንዴት ደስ ብሎን እንደነበር ባልጽፍልሽ ግፍ ይሆንብኛል። ይፋግ ገበያ የሚሄደው ሰው መንገዱን ጠምዝዞ በኛ ጓሮ ያልፍ ጀመር። ከቅዳሴ የወጡ ሴቶች ስሩ ተቀምጠው ቀና ብለው ያያሉ፤ አንዷ ተነስታ ስትሄድ ሌላዋ ትቀመጣለች። ቤታችንን አይታ የማታውቅ ሴት ሁሉ እናታችንን «እንዴት ዋልሽ» ማለት ጀመረች። ባላምባራስ በየማታው እየመጡ ዙፋን የተዘረጋላቸው ይመስል እዚያ ስር ይቀመጡ ነበር፤ «እኔ የኖርሁት ዕድሜ ሁሉ ይህን ሳላይ ኖሬ ነው?» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ልጄ ደብረወርቅ የረገፈውን እየለቀመች በአንገቷም በጆሮዋም ትሰካለች። እናታችን ብቻ ቁማ ታያለች። አንቺን በዓይኗ ያየች ያህል ነበር፤ ሌላ ቃል የለኝም። ድሀ በሕልሙ ቅቤ ባይጠጣ ንጣቱ ይገድለው ነበር ይባል የለ? እኛም ጠጣን።

ነገሩን ያነሳው የባላምባራስ የወንድም ልጅ አዛናው ነው። ሙግት ሲያሳድድ ጎንደር ችሎት ደጅ ከርሞ በግንቦት መጨረሻ ተመለሰ፤ ዛፉን ገና ከመንገድ አይቶ «ማን ተከለው?» አለ። እናታችን እንደ ልማዷ «ወፍ ዘርታው ነው» ብትለው ሳቀ። «የምን ወፍ?» አለ። «ጎንደር ድረስ ሄጄ መጣሁ፣ ይህን ዛፍ አንድ ቦታ አላየሁትም፤ ወፊቱ ከየት አመጣችው?» እኔ ደግሞ አጉል ብልጥ ነኝና ኮርች ነው አልሁት፤ ኮርችም ቅጠሉን አራግፎ ቀይ ያብብ የለም ወይ? አዛናው ወደ ዛፉ ሄዶ ቅርንጫፉን በእጁ አሻሸና «የኮርች እሾህ የት ሄደ? አበባውስ እንደ ኮርች መች ዘንግ መስሎ ይቆማል? አንተ ቁጢት በጣሽ፣ እኔን ኮርች ታስተምረኛለህ?» ብሎ በሸማኔነቴ ሰድቦኝ ሄደ። ቅጠል ብቻ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ግራርም ሰሳም ተብሎ ዘመኑን ይጨርስ ነበር። ያጋለጠን ማማሩ ነው።

እውነቱን ለመናገር አዛናው የሚለው ለራሱ ከንቱ አልነበረም። የባላምባራስ ርስት ገና በዘመዳሞች መካከል ሙግት ላይ ነው። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» እያሉ የሚያደቡ ብዙ ናቸው፤ ጢሰኛ ዛፍ ተክሎበት ዝም ያለ ሰው መሬቱን ችላ ብሏል ተብሎ ይከሰሳል። ባላምባራስ ይህን ሲሰሙ ከዛፉ ስር መምጣታቸውን ተዉ። ከሰኔ ሚካኤል በኋላ ባለው እሑድ ሽማግሎች ይቀመጡ ተባለ። የት ይቀመጡ? በዙሪያው ያለ ጥላ እሱ ብቻ ነውና የሚፈረድበት ዛፍ ስር ተቀመጡ። እኔን ፊደል ያስቆጠሩኝ መሪጌታ ተክለ ማርያም መሐል ሆኑ። አበባው እየረገፈ ጋቢያቸው ላይ ይወድቃል፤ መጀመሪያ ያራግፉት ነበር፣ ኋላ ተዉት።

መሪጌታ ነገሩን ለማብረድ መጥተዋል። ባላምባራስም ቢሆኑ ልባቸው ወደዚያው ነበር። ስለዚህ መሪጌታ እናታችንን ወደ መሐል አስጠሩና «እናትነሽ፣ ወፍ ዘርታው ነው ስትይ እንደኖርሽ ሁላችንም እናውቃለን። መሐላ አንጠይቅሽም፤ አንድ ቃል ተናገሪና ዛፉም የባላምባራስ ይሁን፣ እናንተም ጎጇችሁ ውስጥ ተቀመጡ» አሏት። ከዚህ የቀለለ ነገር ምን አለ? ስትናገረው የኖረችውን ቃል አንድ ጊዜ መድገም ብቻ ነው። እኔ በልቤ ተገላገልን አልሁ።

ያን ጊዜ አዛናው፣ ለክፋት ይሁን ለጨዋታ እንጃለት፣ ከት ብሎ ሳቀ። «ትበለዋ! እንግዲያስ ማን ልኮላት ነው? አለችኝ የምትላት ልጇ እንደሆነች ድሬዳዋ ገብታ እንደ ጢስ በና ቀርታለች፤ አንድ መሐረብ እንኳ ወደ እናቷ አልላከች» አለ። ሰዎቹም ፈገግ አሉ። እታለሜ፣ ይህን መስማትሽ እንደሚያምሽ አውቃለሁ፤ ግን ሳልጽፈው የቀረውን አትረጅውም። እናታችን ቀና አለች። ሽበቷ ላይ አበባ አርፎባት ነበር። «ወፍ አልዘራችውም» አለች። «ይርገዱ ናት የላከችልኝ። እኔ ነኝ የተከልሁት። ልጄን ወፍ አልላትም።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ባላምባራስ «ምነው እናትነሽ! ምነው አፍሽን ብትይዥው!» ብለው ተነሱና ፊታቸውን ወደ ሜዳው አዞሩ። ከዚያ በኋላ ማንም ሊያድነን የሚችል አልነበረም፤ ሰው ሁሉ ሰምቷል። መሪጌታ ቢያንስ ዛፉ ይቅር፣ የእግዜር ፍጥረት ነው ብለው ለመኑ። አዛናው ግን ዛፉ ቆሞ ሸማኔው ቢሄድ፣ ከብዙ ዘመን በኋላ የልጅ ልጁ ተመልሶ «አያቴ የተከለችው ይኸው» ይላል አለ። ሽማግሎቹም ይህን ተቀበሉት። ፍርዱም እንዲህ ሆነ፤ የተከለ እጅ ይቁረጠው፣ ጎጆውም እስከ ሐምሌ ሥላሴ ይፍረስ። የመሬቱ ጌታ ቢቆርጠው የተከራከሩበት ይመስላል፤ የተከለው ሲቆርጠው ግን ለቀቀ ማለት ነው። ወጉ እንዲያ ነው።

እናታችን መጥረቢያውን አምጣ አለችኝ። አንድ ጊዜ መታችውና መጥረቢያውን ለኔ ሰጠችኝ፤ የቀረውን እኔ ቆረጥሁት። የሚገርምሽ፣ እንጨቱ እንጨት አይደለም፤ እንደ ጎደሬ ለስላሳ ነው፣ ምሳሩ ይሰምጥበታል። ጠንክሮ ቢያስቸግረኝ እንኳ ይሻለኝ ነበር። ሲወድቅ ድምፅ አልነበረውም፤ አበባው ነው መሬቱን የነካው መጀመሪያ። ሴቶቹ ከየቤታቸው ወጥተው እንደ ለቅሶ ቆሙ፤ ቅርንጫፉን እየሰበሩ የወሰዱም አሉ። በዚህ ኩበት እንደ ወርቅ በሚቆጠርበት ሜዳ ያን ሁሉ እንጨት ለማገዶ የፈለገው የለም፤ እርጥብ ነው፣ ይጨሳል እንጂ አይነድም። ከቅርንጫፎቹ ላይ ፍሬ አግኝቼ ነበር፤ እንደ ጎራዴ አፎት ረዝሞ አረንጓዴ ሆኖ ተንጠልጥሏል። ሰንጥቄ አየሁት፤ ዘሩ ገና ውሃ ነው። አንዱንም ሳልተው ሁሉንም ሰነጠቅኋቸው። ሁሉም ውሃ ናቸው።

እንግዲህ የት እንደምንገባ አላውቅም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኸው ነው። ለሸማኔ የጎጆ ቦታ የሚሰጥ ባለርስት ፈልጌ በዚህ ሳምንት ያልረገጥሁት ደጅ የለም፤ ነገሩ ከኔ ቀድሞ ይደርስና «ዛፍ ተካዮቹ እናንተ ናችሁ?» ይሉኛል። ወደ አንበሳሜ ብንሄድ አባታችንን የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ አለ ይባላል፤ እሱም ሞቷል የሚሉ አሉ። ክረምቱ ገብቷል፣ ርብም ጉማራም ሞልተዋል፣ ሜዳው ላይ ከአሁኑ ውሃ መተኛት ጀምሯል። የሣር ክዳን በዚህ ዝናብ አውርዶ በሌላ ቦታ መክደን እብደት ነው። የሽመና ዕቃውን ፈትቼ እሸከመዋለሁ፤ አባታችን የቆፈረውን፣ እሱም እኔም እግራችንን ከተን የኖርንበትን ጉድጓድ ግን እንዴት አድርጌ ልሸከመው? ትናንት ልሠራ ገብቼ ተቀመጥሁ፤ እጄ አልሄድ አለኝ። ባለቤቴ ጸሐይነሽ በር ላይ ቆማ አየችኝና ወደ ምድጃዋ ተመለሰች።

እናታችን ለማንም አታለቅስም፣ አትበላምም። ጧት ተነስታ የእጇን ውሃ ጉቶው ላይ ትደፋለች። ባላምባራስ ለመሪጌታ «ዘመድ እንደ ቀበረ ሰው ነው የማድረው» አሉ አሉ፤ ምን ይረባኛል? በአንድ በኩል በእሷ እናደዳለሁ፤ አንዲት ቃል ምን ነበረበት እላለሁ። በሌላ በኩል ሰው በተሰበሰበበት ስምሽን ስትጠራ ድምጿ እንዴት እንደነበር ትዝ ይለኝና አፌን እይዛለሁ። በአንቺም ተናድጄ ነበር፤ እውነቱን ልንገርሽ። ሻሽ ብትልኪ ለብሳው ያልቅ ነበር፣ ሥር አይሰድም ነበር እያልሁ። አሁን ግን አልፎልኛል። ሌላ ዘር ግን እባክሽ አትላኪ። የት እንተክለዋለን?

ይህን ሁሉ ስጽፍልሽ የእናታችንን ትእዛዝ እየጣስሁ ነው። «ያ ዘር እናቴን ከቤት አስወጣት ብላ በሰው አገር ትቃጠላለች፤ ምንም እንዳትነግራት» ብላኛለች። እኔ ግን የምንሄድበትን ሳላውቅ ዝም ብል፣ ደብዳቤሽ ባዶ ቦታ መጥቶ ሲመለስ ሞቱ ትያለሽ ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ አንቺ እንዳላወቅሽ ሁኚላት። ከእንግዲህ በወረታ አትጻፊልን፤ በመሪጌታ ተክለ ማርያም ስም ለጣራ ገዳም ሰዎች ከላክሽው፣ ያለንበት ካለ እሳቸው አያጡትም።

ወንድሜን አለምነህን በጣም ሰላም በይልኝ፤ እጁን ከብረቱ ይጠብቅ። ንብረትንና ማናዬን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፤ አጎት አላችሁ በያቸው። ጸሐይነሽ «እኔን እንዳትረሺኝ፣ በጸሎትሽ አስቢኝ» ትልሻለች። ደብረወርቅ ሰላም ትላለች፤ ስምሽን መጥራት ትችላለች። እናታችን አጠገቤ ተቀምጣለች፤ የእሷን ሰላምታ እንዳለችው አድርጌ ጽፌዋለሁ፤ «ልጄ ይርገዱ፣ እኔ ደህና ነኝ። ዛፍሽ አምሮበታል፤ አሁንም ጥላው ስር ተቀምጬ ነው ሰላም የምልሽ።»

ወንድምሽ አያልነህ
ወረታ፣ ሰኔ 23 ቀን 1953 ዓ.ም.